ልጃችሁ የስፖርት ክለብ ከገባች እነዚህን ነገሮች ጠይቁ

ልጄን ጂምናስቲክ ያስመዘገብኳት በሰባት ዓመቷ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ አንድ ጥራዝ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔም ከሥራ ወጥቼ እየተጣደፍኩ ስለነበር ሳላነብ የፊርማ ቦታውን ብቻ እየፈለግኩ ፈረምኩ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ ገብቼ ልይ ስል፣ ወላጅ ወደ ውስጥ አይገባም፣ የልጆቹ ሐሳብ ይበተናል ተባልኩ። መስኮቱም መጋረጃ ነበረው። እሺ ብዬ ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ያ እሺታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጄ ምንም አልደረሰባትም፣ ተመስገን። ግን ደኅና የወጣችው እኔ ጠይቄ ስላረጋገጥኩ አይደለም።

የላሪ ናሳርን ጉዳይ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ነው የነሣኝ። ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ወደ ልምምድ፣ ከልምምድ ወደ ቤት ሲያመላልሱ ለሚያመሹ ሐበሻ ወላጆች ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን እወቁ

ናሳር የአሜሪካ ጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ነበር፤ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ይሠራ ነበር። በሕክምና ስም በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አልተናገረም ብላችሁ እንዳታስቡ። ልጆቹ ተናግረዋል። በተደጋጋሚ ተናግረዋል።

ላሪሳ ቦይስ በ1997 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች ለዩኒቨርሲቲው የጂምናስቲክ አሰልጣኝ ነግሬ ነበር ብላለች። በ2004 አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ሚሺጋን ውስጥ ሜሪዲያን ታውንሺፕ ለሚባል ከተማ ፖሊስ አመለከተች። ናሳር ተጠርቶ ሲመጣ የሕክምና ዘዴ ነው የሚል ፓወርፖይንት ይዞ መጣ፣ ፖሊሱም አምኖ መዝገቡን ዘጋው። ያ ከተማ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀው በ2018 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ። በ2014 ደግሞ ታካሚው የነበረችው አማንዳ ቶማሾው ለዩኒቨርሲቲው አቤት አለች። ዩኒቨርሲቲው ራሱ መረመረ። አስተያየት የተጠየቁት የሕክምና ባለሙያዎች እዚያው ግቢ ያሉ፣ ሰውዬውን የሚያውቁ ነበሩ። ጥፋት የለበትም ተባለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጓንት እንዲያደርግ፣ ስሱ ቦታ ሲነካ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ መከበሩን ግን የተከታተለ ሰው አልነበረም።

በሰኔ 2015 አንዲት አሰልጣኝ፣ ማጊ ኒኮልስ የተባለች የብሔራዊ ቡድኑ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ናሳር ስታወራ ሰማችና ብሔራዊ ቡድኑን ለሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ለዩኤስኤ ጂምናስቲክስ ነገረች። ማኅበሩ ለኤፍቢአይ የነገረው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለማጊ ወላጆች የተነገራቸው ዝም በሉ፣ ምርመራው እንዳይበላሽ የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ምንም አልተነገረውም። ስለዚህ ሰውዬው ብሔራዊ ቡድኑን በሰላም ተሰናብቶ ሚሺጋን ውስጥ ልጆች ማየቱን ቀጠለ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር በ2021 ባወጣው ሪፖርት በፍርድ ቤት ሰነዶች መሠረት ከሐምሌ 2015 እስከ ነሐሴ 2016 ድረስ 70 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ልጆች መጠቃታቸውን ጽፏል። እነዚህ ኤፍቢአይ ካወቀ በኋላ የተጠቁ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ላስፈራችሁ አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ ነው። አቤቱታው በየጊዜው የሄደው የተቋሙን ስም ወይም የሰውዬውን ዝና ለሚጠብቅ ሰው ነበር። በ1997 የተነገራት አሰልጣኝ የጓደኛዋ ነገር ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሐኪም፣ ማኅበሩ የሜዳሊያ ቡድኑ። የኤፍቢአይ ኢንዲያናፖሊስ ቢሮ ኃላፊ እንኳን ከጂምናስቲክ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጋር ኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥ ስላለ ሥራ ይነጋገር እንደነበር ያው የኢንስፔክተሩ ሪፖርት ያሳያል። ጉዳዩ የፈነዳው ነሐሴ 2016 ኢንዲያናፖሊስ ስታር ጋዜጣ ማኅበሩ አቤቱታ እንዴት እንደሚይዝ ሲያጋልጥ፣ ያንን ያነበበችው፣ በልጅነቷ ናሳር ያጠቃት ሬቸል ደንሆላንደር ደግሞ ለጋዜጣውም ለፖሊስም ስትናገር ነው። ማለትም ነገሩ ከግቢው ሲወጣ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ መነሻው ይኼ ነው፦ ክለቡን ጠይቁ፣ አቤቱታችሁን ግን ከክለቡ ውጭ ላለ አካል አድርሱ።

ከመመዝገባችሁ በፊት

ብዙዎቻችን «ባክግራውንድ ቼክ ታደርጋላችሁ?» ብለን እንጠይቅና አዎ ሲሉን እፎይ እንላለን። መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን ናሳር እስኪያዝ ድረስ የወንጀል ሪከርድ አልነበረውም። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ያልተከሰሰ ሰው እዚያ ወረቀት ላይ አይገኝም።

የተሻለው ጥያቄ ይኼ ነው፦ «አንድ ትልቅ ሰው ከልጄ ጋር ለብቻው የሚሆንበት ጊዜ አለ? ካለ የትና መቼ?»

በኦሊምፒክ ስፖርት ማኅበራት ሥር ያሉ ክለቦች የሚገዙበት ሕግ አለ። ከናሳር ጉዳይ በኋላ፣ በየካቲት 2018 በፌዴራል ደረጃ የጸደቀ ሕግ አለ፤ በስፖርት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚከላከለው፣ ዴንቨር የሚገኘው ሴፍስፖርት ማዕከልም የሚያስፈጽማቸው ዝርዝር ደንቦች አሉ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። አሰልጣኝና ልጅ ለብቻቸው ሲሆኑ ሌላ ሰው ሊያያቸውና በማንኛውም ሰዓት ገብቶ ሊያቋርጣቸው በሚችልበት ቦታ መሆን አለባቸው። ቴክስት ሲላላኩ ወላጅ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ኮፒ ይደረጋል። ለጉዞ ሲወጡ አሰልጣኝ ከልጅ ጋር አንድ ክፍል አያድርም። ማሳጅና የመሳሰለው ሕክምና ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ያለ ሌላ ትልቅ ሰው አይሰጥም። ፈቃዱን ደግሞ በፈለጋችሁ ጊዜ ማንሳት ትችላላችሁ።

ክለቡን ይህን ፖሊሲ በወረቀት ስጡኝ በሉት። አንድ ቀን ይፍጅባቸው፣ ችግር የለም። ግን «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን» ብለው በፈገግታ ካለፏችሁ ጠንቀቅ በሉ። እኔም ያኔ የተነገረኝ ይኸው ነበር። እኛ ሐበሾች ደግሞ ይህን ቃል ስንሰማ እንሸነፋለን፤ ቤተሰብ ነኝ ያለን ሰው ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ሴፍስፖርት የታገዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አለው። የአሰልጣኙን፣ የረዳቱን፣ የፊዚዮቴራፒስቱን ስም እያስገባችሁ ፈልጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስሙ ከሌለ ግን ሰውዬው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ እስካሁን አልተቀጣም ማለት ብቻ ነው። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ የትምህርት ቤት ቡድኖችና ብዙ የሰፈር ሊጎች በአብዛኛው ከዚህ ማዕከል ሥልጣን ውጭ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛው ራሳችን ተሰባስበን ለልጆቻችን የምናቋቁማቸው የእግር ኳስ ቡድኖችም እንደዚያው። እዚያ ደንብ የሚያወጣልን ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ እኛው እናውጣ። ሁለት ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ይኑር። ማንም ሰው የሌላ ሰው ልጅ ለብቻው ጭኖ አይሂድ፣ የታመነ ወንድማችን ቢሆንም፣ ዲያቆን ቢሆንም። እንዲያውም ደንቡ ለሁሉም እኩል ሲሆን ማንም አልታመንኩም ብሎ አይቀየምም።

ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ይኼ ነው። ደንሆላንደር በ2000 ናሳር ጋ ስትሄድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፣ እናቷም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ሌሎችም ብዙ እናቶች እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው የሚቆመው ወላጅ እጁን እንዳያይ ከልሎ ነበር። እያወራ፣ እየሳቀ፣ ስለ ውድድር እየጠየቀ። ልጆቹም እናቴ እያየች ዝም ካለች ሕክምናው ትክክል መሆን አለበት ብለው አሰቡ። እናት ልጄ ካልጮኸች ደኅና ነው ብላ አሰበች።

እኛ ደግሞ ያደግነው ሐኪም እንደ ቄስ በሚከበርበት አገር ነው። ሐኪሙን ምን ልታደርግ ነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እንግሊዝኛው ሲያስቸግረን ደግሞ ጭራሽ ጭንቅላታችንን እየነቀነቅን እንወጣለን። ይህን ማቆም አለብን። ልጃችሁን የሚነካ ሐኪም፣ ማሳጅ የሚሠራ ሰው፣ ፊዚዮቴራፒስት ካለ፣ እጁን ከማሳረፉ በፊት የት እንደሚነካ፣ ለምን እንደሚነካ፣ ልብስ ማውለቅ ያስፈልግ እንደሆነ ይንገራችሁ። እናንተ የምትቆሙት እጁ በሚታያችሁ በኩል ነው። አንሶላ ሸፍኖ ከሆነም ጠይቁ። ለልጅቷ «ካልፈለግሽ በቃ ማለት ትችያለሽ» በሏት፤ ይህንን ሐኪሙ እየሰማ በሏት። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ጉልበቷን ያመማት ልጅ ለምን ሌላ ቦታ እንደሚነካ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ጋ ግን ሕክምናውን አቁሙና ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሕክምና የሚሰጠው በሕክምና ቦታ ነው። የሆቴል ክፍል፣ የአሰልጣኝ ቤት፣ ሐኪሙ የሚኖርበት ቤት ምድር ቤት ሕክምና ቦታ አይደለም። ናሳር ልጆችን በራሱ ቤትም በሆቴልም ያይ ነበር።

ጨካኝ አሰልጣኝ ካለ ሁለተኛ አደጋ አለ

የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች የሚሠለጥኑት ቴክሳስ ውስጥ አሰልጣኞቹ የካሮሊ ባልና ሚስት ቦታ ነበር። ከከተማ የራቀ ጫካ ነው። ወላጅ አይገባም፣ ስልክ በደንብ አይሠራም። ምግብ ይቆጠራል፣ ክብደት ይነገራል፣ አመመኝ ያለች ልጅ ሰነፍ ተብላ ትቆጠራለች። እዚያ ውስጥ አንድ ፈገግ የሚል፣ ተደብቆ ምግብ የሚሰጥ፣ አይዞሽ የሚል ሰው ነበር። ናሳር። ልጆቹ የወደዱት ለዚህ ነው።

ብዙ ወላጅ ጠንካራ አሰልጣኝ ይወዳል፣ እኔም እወድ ነበር። ዱላ ካልሆነ ቁጣ ምን ይጎዳል እንላለን። ነገር ግን አመመኝ ስትል «ዝም በይና ሥሪ» የተባለች ልጅ ሰውነቷ የሚነግራትን እንዳታምን እየተማረች ነው። ያች ልጅ ነገ አንድ ሰው ያለ አግባብ ቢነካት የምትናገርበት አፍ አይኖራትም። ስለዚህ ልጃችሁ ከልምምድ ስትመለስ ምግብ መሸሽ ከጀመረች፣ ጉዳቷን ከደበቀች፣ ኮቿ እንዳይቆጣት ብላ ከተንቀጠቀጠች፣ ያንን ራሱን እንደ ጥቃት ቁጠሩት፣ ምክንያቱም ጥቃት ነው። ሌላ ክለብ ፈልጉ። ሜዳሊያ ይቀራል፣ ይቅር።

ወንድ ልጅ ያላችሁም ይህ የሴት ልጅ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እንግሊዝ ውስጥ ባሪ ቤኔል የሚባል የታዳጊዎች እግር ኳስ አሰልጣኝ ለዓመታት ወንድ ልጆችን ሲያጠቃ ኖሯል፤ ቤቱ እያሳደረ፣ ጌም እያጫወተ፣ ትልቅ ተጫዋች አደርጋችኋለሁ እያለ። አንዲ ውድዋርድ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች በ2016 በስሙ ወጥቶ ሲናገር ሌሎች ብዙዎች ተከተሉት። በ2018 ቤኔል 31 ዓመት ተፈረደበት። ወንድ ልጅ ደግሞ የሚናገረው ዘግይቶ ነው፣ ወንድነቴን ይጠራጠሩታል ብሎ ስለሚፈራ።

ቤት ውስጥ ቋንቋ ስጧቸው

የእኛ ልጆች አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ አማርኛቸው ግን የሚበቃው ለምግብ፣ ለሰላምታና ለቁጣ ነው። የሰውነት ክፍሎችን ስም በአማርኛ አላስተማርናቸውም፤ እኛም ራሳችን ስንጠራው እናፍራለን። «እፍረትሽን ሸፍኚ» ብለን አሳድገናት፣ እፍረቷን ሰው ነካ ብላ በምን ቃል ትንገረን? ስሙን እፍረት ብለነዋል እኮ።

ስለዚህ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ትክክለኛውን ስም አስተምሯቸው። እኔ ለልጄ ያስተማርኳት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሐኪም ቤት የሚሉትን ቃል። መጀመሪያ ፊቴ ቀልቶ ነበር። ለመድኩት። ከዚያ ምስጢር የሚባል ነገር አነሣን። «ለእማ አትንገሪ የሚል ትልቅ ሰው ካለ፣ ያንን ነው መጀመሪያ የምትነግሪኝ» አልኳት። የልደት ስጦታ መደበቅና ይኼ እንደሚለያይ ነገርኳት፤ ስጦታው ኋላ ሁሉም ያየዋል።

ታዛዥነትም ላይ እናስብበት። «ትልቅ ሰው ሲያዝሽ እሺ በይ» ብለን እንልካለን። እኔ አሁን ትልቅ ሰው አክብሪ፣ ሰውነትሽን በሚመለከት ግን እምቢ ማለት ትችያለሽ እላታለሁ። አጎቷ ሊስማት ሲል አልፈልግም ካለችም ደገፍኳት። ቤተሰብ ትንሽ ተቀይሟል፤ ያልፋል።

ጥያቄ ስትጠይቁ «ዛሬ እንዴት ነበር?» አትበሉ፣ መልሱ «ጥሩ» ነው፣ አለቀ። መኪና ውስጥ፣ ዐይን ለዐይን ሳትተያዩ፣ «ዛሬ ማን አስቆጣሽ?»፣ «ማን ጋ ለብቻሽ ሆንሽ?»፣ «ማሳጅ የሠራሽ ሰው ነበር?» በሉ። አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ዘወትር፣ እንደ ተራ ወሬ።

ልጃችሁ ከነገረቻችሁ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ የምትሉት፦ «አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ።» ይህን ብቻ። አትጩኹ፣ አታልቅሱባት፤ እናቴን አስለቀስኳት ብላ ቃሏን ትመልሳለች። ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም አትበሉ። ደግሞ ደጋግማችሁ አትመርምሯት። ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ካወቃችሁ በቂ ነው። ዝርዝሩን የሚጠይቋት ለዚህ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በብዙ ከተሞች ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ማእከል አለ፤ እዚያ አንድ ባለሙያ ሲያነጋግራት ይቀረጻል፣ በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግመው።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፉ። በእንግሊዝኛ ከነገረቻችሁ በእንግሊዝኛ። ቀንና ሰዓት አስቀምጡ። ስልኳ ላይ ያለውን መልእክት አታጥፉ፣ ፎቶ አንሡት። ነገሩ የሆነው በቅርብ ቀናት ከሆነ ልብሷን አትጠቡ፣ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፣ ሆስፒታልም ቶሎ ውሰዷት።

አሁን ደግሞ የማትሠሩትን ልንገራችሁ። አሰልጣኙ ጋ ሄዳችሁ አትጣሉ፤ ማስረጃ ያጠፋል፣ ታሪክ ያዘጋጃል። ናሳር በ2004 ፓወርፖይንት እንዳዘጋጀ አስታውሱ። ለክለቡ ባለቤት መጀመሪያ አትንገሩ። ሽማግሌ አትላኩ፣ ሽማግሌ ሲላክባችሁም አትቀበሉ። ይህን ስጽፍ ሽምግልናን ንቄ አይደለም፤ የገንዘብ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ አርቆልናል። ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ግን በይቅር ለእግዚአብሔር አይዘጋም፣ ምክንያቱም ሰውዬው ነገ ሌላ ልጅ ጋ ነው የሚሄደው። «ገበናችንን ለፈረንጅ አሳልፈን» የሚል ሰው ይመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም በሉት።

የምትደውሉት ለፖሊስ ወይም ለግዛታችሁ የልጆች ጥበቃ ቢሮ ነው። አደጋው አሁን ከሆነ 911። የት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ቻይልድሄልፕ የሚባል አገር አቀፍ መስመር አለ፣ 1-800-422-4453። ክለቡ በኦሊምፒክ ማኅበር ሥር ከሆነ በተጨማሪ ለሴፍስፖርት አመልክቱ፣ 833-587-7233። በተጨማሪ ነው ያልኩት፣ በፖሊስ ፋንታ አይደለም። ሴፍስፖርት ጉዳይ ያጓትታል ብለው ያማረሩ አትሌቶች ጥቂት አይደሉም።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁ ቤተሰቦች በዚህ ምክንያት ዝም እንዳትሉ። ወንጀል የተፈጸመባቸውና ከምርመራው ጋር የሚተባበሩ ሰዎች የሚያመለክቱበት ዩ ቪዛ የሚባል አለ፣ የተጎጂ ልጅ ወላጅንም ሊመለከት ይችላል። የስደት ጉዳይ ጠበቃ ጠይቁ፤ ነጻ የሚሠሩም አሉ።

ካመለከታችሁ በኋላ አትቀመጡ

የብሔራዊ ቡድኑ ጂምናስቲከኛ የነበረችው ማክኬላ ማሮኒ በመስከረም 2015 ለኤፍቢአይ በስልክ ሦስት ሰዓት ያህል የደረሰባትን ተናገረች። መርማሪው ሪፖርቱን የጻፈው ከ17 ወር በኋላ ነው። እሷ ያላለችውን ጨምሮ። ይህን በመስከረም 2021 ሴኔት ፊት ቀርባ ራሷ ተናግራለች፣ ከሲሞን ባይልስ፣ ከአሊ ሬዝማንና ከማጊ ኒኮልስ ጋር።

ከዚህ የተማርኩት፦ መርማሪ ካነጋገራችሁ በዚያው ቀን የተናገራችሁትን አጭር አድርጋችሁ በኢሜይል ላኩለት። «ዛሬ በስልክ የነገርኩዎት ይህን ነው» ብላችሁ። ቀኑ የታተመበት ማስረጃ አላችሁ ማለት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስም፣ የአለቃውን ስልክ ጻፉ። ሳምንት አልፎ ማንም ካልደወለ እናንተ ደውሉ። ካልሆነ አለቃውን፣ ካልሆነ ዐቃቤ ሕጉን። አንድ ቢሮ ዘጋው ማለት ጉዳዩ ሞተ ማለት አይደለም። ደንሆላንደር በ2016 ፖሊስ ጋ ስትሄድ ከ2004 ጀምሮ የተቀመጠ የሕክምና መዝገብ ይዛ ነበር፣ ያኔ ለአንዲት ነርስ የነገረችው ተጽፎ ቆይቶላት። 12 ዓመት የቆየ ወረቀት ሥራ ሠራ።

ክለቡ «የውስጥ ምርመራ ጀምረናል፣ እስኪያልቅ ለማንም እንዳትናገሩ» ቢላችሁ፣ ይህንን በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ። ክለቡ ስላለ ብቻ ዝም የማለት ግዴታ የለባችሁም። በ2018 ሕግ መሠረት ከልጆች ጋር የሚሠሩ የእነዚህ ክለቦች ትልልቅ ሰዎች ጥቃት መኖሩን ከጠረጠሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለባቸው። አምስት ሳምንት የሚባል ነገር አሁን ሕግ መጣስ ነው። ገንዘብ ይዘው ከመጡና ወረቀት ፈርሙ ካሉ፣ የራሳችሁ ጠበቃ ሳያነብ እስክሪብቶ እንዳታነሡ። ማሮኒ በ2016 የፈረመችው ስምምነት ውስጥ ዝም በይ የሚል አንቀጽ ነበረበት።

ፍርዱ ሊዘገይ ይችላል። ናሳር ጥር 2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት የተፈረደበት 156 ሴቶች ለሰባት ቀን ፍርድ ቤት ቆመው ከተናገሩ በኋላ ነው። ሚሺጋን ስቴት በዚያው ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የኤፍቢአይን ጥፋት በተመለከተ 138.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በ2024 ነው። ልጃችሁ ፍርዱን መጠበቅ የለባትም፤ ልጆችን የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ አሁኑኑ ፈልጉላት፣ ለራሳችሁም።

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ፖሊስ ጣቢያም ሆስፒታልም ልጃችሁ እንድታስተረጉምላችሁ አታድርጉ። ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ፣ ባንክ ቤት፣ ሐኪም ዘንድ ስታስተረጉም ኖራለች፣ ለምዳዋለች፣ ለፖሊሶቹም ለሐኪሞቹም ይቀላቸዋል። የደረሰባትን ነገር ለእናቷ በአማርኛ እየተረጎመች መልሳ እንድትኖረው ግን አይገባም። ታላቅ ወንድሟም አይሁን፣ ጎረቤትም አይሁን። አስተርጓሚ አምጡልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ስልክ ላይም እንደዚያው፤ የሚያነሣው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግራችሁ «አምሃሪክ» በሉና መስመሩ ላይ ቆዩ። አስተርጓሚ እስኪያገናኙ ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል። እንዳትዘጉት።